ማሳያው ጠፍቷል

ጥር 9

ለወንድሜ ልጅ ለምላጭ፤

ሰላምታዬ በእድሜ ቅደም ተከተል ለቤተሰቡ ይድረስ። እኔ ደህና ነኝ። እናንተም ደህና ናችሁ ብዬ እገምታለሁ፤ የሞቱት እንቁላሎቹ ብቻ ናቸውና።

ደብዳቤውን ላንቺ የጻፍኩት አባትሽ ለሦስት ገጽ ጥያቄ «እሺ» ብሎ የሚመልስ ሰው ስለሆነ ነው። ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢላቸው። አባትሽም እናትሽም ይስሙ፤ በተለይ የእናትሽ እህት ትስማ።

ባለፈው ማክሰኞ ከመፈልፈያ ቤቱ ኮምፒውተር ስልኬ ላይ መልእክት ገባ። ሁለት ቃል ነው፦ «ማሳያው ጠፍቷል»። ለአባትሽም ያው መልእክት ደርሶታል። በዚያው ቀን ማሞቂያው ቆመ። አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ እንቁላል፣ ሊፈለፈል አምስት ቀን ሲቀረው በረደ። ማሳያ ማለት ስክሪኑ ነው፤ ነገሩ ግልጽ ነው። ስክሪኑን የወሰደ ሰው ሽቦውን ሲነቅል የማሞቂያውንም አብሮ ነቅሎታል። የክፍሉ ቁልፍ ደግሞ ያለው በአንድ ሰው እጅ ነው።

ስክሪኑን ከኮምፒውተሩ ጋር በአንድ ካርቶን የላክሁት እኔ ነኝ። በግራ በኩል፣ ታችኛው ጥግ ላይ አረንጓዴ ፕላስተር አለው። ስንጥቁን በገዛ እጄ ነው የሸፈንኩት፤ የትም ባየው አውቀዋለሁ።

ሴትዮዋ እስከ የካቲት ሠላሳ ድረስ ስክሪኑን ትመልስ። ካልመለሰች ቁልፉን ለአባትሽ አስረክባ ከመፈልፈያው ጀርባ ያለውን ክፍል ትልቀቅ። ቤቱ የእኔ ነው፣ ማሽኑ የእኔ ነው፣ ፕሮግራሙንም የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ፈጣሪ ልቦና ይስጣችሁ።

አጎትሽ

*

ጥር 12

ለተከበሩት አጎቴ ለጋሼ፤

ከራስ ጠጉርዎ ጀምሮ፣ በላኩልን ፎቶ ላይ ከቀረው ማለቴ ነው፣ እስከ እግር ጥፍርዎ ድረስ እንደምን ሰነበቱ? እኛ ከእርስዎ ደብዳቤ በስተቀር ደህና ነን።

እንዳዘዙኝ ከፍ አድርጌ አነበብኩ። «ሴትዮዋ» የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄን ልቀንስ ስል አክስቴ «እንደተጻፈው» አለችኝ። እንደተጻፈው አነበብኩላት። ስጨርስ የያዘችውን የእንቁላል ትሪ መሬት አስቀምጣ፣ «ስክሪን ማለት የቱ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሌባ የሰረቀውን ዕቃ ስም ሲጠይቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

አባቴ «እሺ» ሊል አፉን ሲከፍት እናቴ አየችው፤ ዘጋው። በእሱ አይፍረዱ። ባለፈው ወር «አዲስ የግራፍ ላይብረሪ ስለማስገባ እየው» ብለው የጻፉለት ጊዜ የከተማው ቤተ መጻሕፍት ድረስ ሄዶ፣ ቀለም መቀባቱን አይቶ የተመለሰ ሰው ነው። ላይብረሪ ያሉት መጽሐፍ ሳይሆን ኮምፒውተሩን ግራፍ የሚያስሥል የትእዛዝ ክምችት መሆኑን እኔ ነኝ የነገርኩት። አላመነኝም።

ካርቶኑ ሲከፈት እዚያ ነበርኩ። ውስጡ መጽሐፍ የሚያህል ጥቁር ኮምፒውተር፣ ሽቦ፣ በራሷ ባትሪ የምትሠራ ትንሽ ሙቀት መዝጋቢ፣ ከዚያ ደግሞ በመስታወት የተለበጠ የእርስዎ ፎቶ ነበር። ስክሪን አልነበረም። ፎቶዎን ሰቅለነዋል። ስክሪን ቢኖር ኖሮ እሱን እንሰቅል ነበር።

ሌላም ልንገርዎ። አክስቴ ሙቀት የምታውቀው በዐይኗ ቆብ ነው። እንቁላል አንስታ፣ ዐይኗን ጨፍና፣ ቆቡ ላይ ታስጠጋዋለች፤ የዐሥራ አንድ ዓመት ሙያዋ ነው። ያን ማክሰኞ አምስት ሰዓት ላይ ወጥታ ለአባቴ «በርዷል» አለችው። እሱ ስልኩን አየና፣ «ማሳያው ጠፍቷል ነው የሚለው፤ ስለ ሙቀት ያወራው ነገር የለም» አላት። የማሽኑ መብራት በርቶ ስለነበር አመነው። በነጋታው አንዱን እንቁላል ሰበረችው። ላባ አውጥቶ ነበር። ሌሎቹን አልሰበረችም።

ጤናዎን ይጠብቁልን፤ ደብዳቤዎን ግን እዚያው።

ምላጭ

*

ጥር 20

ለምላጭ፤

ሰላም ነኝ። ስድስት ዓመትሽ ላይ ይህን ስም ያወጣሁልሽ እኔ ነበርኩ፤ ያኔ አሳቀኝ። አሁን አያስቀኝም።

በስምንት ቀን ውስጥ የመለስኩት ሥራ ስለፈታሁ አይምሰልሽ። አንድ ነገር እንድታውቁ ነው። ማሽን አይዋሽም፤ ማሽን ዘመድ የለውም። ይህ ፕሮግራም እዚህ ጠረጴዛዬ ላይ ሦስት ሳምንት ሙሉ አንዴም ሳይደናቀፍ ሠርቷል። ሙቀቱን ይቆጣጠራል፣ ግራፉን ይሥላል፣ ሥዕሉንም መስኮት ከፍቶ ያሳያል። እናንተ ጋ ሲደርስ መስኮት የሚከፍትበት ማሳያ ፈልጎ አጣ። እኔ ጋ ያገኘውን እናንተ ጋ ያጣው ለምንድነው? መልሱን የእናትሽን እህት ጠይቂልኝ።

እንዳትጠራጠሩ ግራፉ እኔ ጋ እንዴት አምሮ እንደሚታይ ፎቶ አንስቼ አያይዣለሁ። ለሁሉም አሳዪያቸው። የሠለጠነ ሥራ ምን እንደሚመስል ይዩ።

የዐይኗን ቆብ ነገር ደግሞ ለሌላ ሰው አትጻፊ። ያሳፍራል።

አጎትሽ

*

ጥር 22

ለሠለጠኑት ጋሼ፤

ሰላምታችን ይድረስዎ። ፎቶውም ደርሶናል፤ ባይደርሰን ለእርስዎ ይሻል ነበር።

ለሁሉም አሳየኋቸው። እናቴ ጠረጴዛዎ አቧራ እንዳለበት ተናገረች። አክስቴ ከሩቅ አይታ ወደ ሥራዋ ሄደች። አባቴ ግን ፎቶውን ተቀብሎኝ ወደ መስኮቱ ሄደ፤ መነጽሩን አደረገ፤ መነጽሩን አወለቀና ጠርጎ መልሶ አደረገ። ከዚያ ካንድ ቃል በላይ ተናገረ። «በግራ በኩል፣ ታችኛው ጥግ ላይ፣ አረንጓዴ» አለ።

ጋሼ፣ ግራፉ አምሮ የሚታይበት ስክሪን እኛ የሰረቅነው ስክሪን ነው።

ከትምህርት ቤታችን የኮምፒውተር ክፍል ሆኜ መፈልፈያ ቤቱ ኮምፒውተር ውስጥ ገባሁ። የይለፍ ቃሉን ከአባቴ ቦርሳ አገኘሁት፤ ከስምዎ በፊት የሚያስቀድሙት ማዕረግ ከነነጥቡ ነው፣ ባላየውም አላጣውም ነበር። ኮምፒውተሩ በራሱ ቋንቋ ያለው «ከማሳያ ጋር መገናኘት አልቻልኩም» ነው። ወደ አማርኛ መልሰው «ማሳያው ጠፍቷል» ያስባሉት እርስዎ ነዎት። አባቴ ይህን ሲያነብ መብራት እንደሚጠፋው የጠፋ መሰለው፤ «ይበራል» ብሎ ጠበቀ። እርስዎ ሲያነቡት ዕቃ እንደሚጠፋው የጠፋ መሰለዎት፤ ሌባ ፈለጉ። ኮምፒውተሩ ምስኪን ግን «እኔ ጋ እንዲህ የሚባል ነገር የለም» ማለቱ ነበር።

እርስዎም ዐሥራ አንድ ዓመት ጠፍተዋል። ማንም ሰረቀዎት አላለም።

አክስቴን ይቅርታ ይጠይቃሉ ብለን በሩን ከፍተን እየጠበቅን ነው።

ምላጭ

*

የካቲት 3

ለምላጭ፤

አረንጓዴ ፕላስተር በዓለም ላይ ብዙ ነው።

የስክሪኑን ጉዳይ ለጊዜው እንተወው። የእንቁላሉ ጉዳይ ግን አልተመለሰም። ስክሪን ባይነቀልም ሙቀቱ ወርዷል። ሙቀት የሚወርደው በር ሲከፈት ነው፤ በሩን የምትከፍተው ማን እንደሆነች ታውቂያለሽ። አንቺም «በሩን ከፍተን» ብለሽ ጽፈሻል፤ በቤታችሁ የተለመደ ነገር ይመስላል።

መዝጋቢዋ የዚያን ቀን ሙቀትም፣ በሩ የተከፈተበትንም ሰዓት ይዛለች። ፕሮግራሙን እኔ አልነካውም፤ ነካክተሽው ይሆናል፣ በኋላ እኔ ላይ ታላክኪያለሽ። ጎበዝ ከሆንሽ ግራፉን ራስሽ አስሥለሽ ላኪልኝ። ያለ ስክሪን። አዋቂ ነኝ ላለ ሰው ቀላል ነው።

የካቲት ሠላሳ እንዳለ ነው። ከዚያ በኋላ አዲስ ሰው እቀጥራለሁ፤ ዐይኑን ገልጦ የሚሠራ።

አጎትሽ

*

የካቲት 8

ለጋሼ፤

እንደምን ከረሙ? እኔ ከፕሮግራምዎ ጋር ከረምኩ፤ ጠባዩ የቤተሰብ ነው።

መጀመሪያ ግራፉን ሣል ስለው «ማሳያው ጠፍቷል» አለኝ። ዳግመኛ አዘዝኩት፤ ያንኑ አለኝ። የኮምፒውተር መምህራችንን ጠየቅኳቸው። ላይብረሪው መስኮት ሳይፈልግ በቀጥታ ፋይል ላይ መሣል እንደሚችል፣ ለዚህ የምትጨመር አንዲት መስመር እንዳለች ነገሩኝ። ጨመርኳት። ያንኑ አለኝ። ሁለት ቀን ሙሉ እዚያው ስፈጭ ቆየሁ። ለካ መስመሯን ያስገባኋት ሠዓሊውን ክፍል ከጠራሁት በታች ነበር። እሱ አንዴ ተጠርቶ መስኮት ፍለጋ ከወጣ በኋላ ከኋላ ቢጮኹለት አይሰማም፤ በዚህም ዘመድ አለው። መስመሯን ከላይ፣ ከመጠራቱ በፊት አደረግኳት። እርስዎ «አሳይ» ያሉበትን ቦታ ደግሞ «አስቀምጥ» አልኩት።

ሣለ። ያለ ስክሪን።

አትሜ አያይዤልዎታለሁ። አንድ ችግር ብቻ ቀርቶኛል። በአማርኛ የጻፏቸው መግለጫዎች በሙሉ ባዶ ሳጥን ሳጥን ሆነው ወጥተዋል። አንዲት ቀይ መስመር ቁልቁል ትወርዳለች፤ አንዲት ሰማያዊ ብድግ ብላ ትቀመጣለች፤ አንዲት ነጠብጣብ ከላይ እስከ ታች ትቆማለች። የቷ ምን እንደሆነች የሚናገረው ሳጥኑ ነው፤ ሳጥኑ ደግሞ አይናገርም። አክስቴ አይታው፣ «እንቁላል ሳያስገቡበት ትሪውን ሣሉት እንዴ?» አለች።

ምላጭ

*

የካቲት 12

ለምላጭ፤

በአራት ቀን መልስ ስታገኚ ይህ የመጀመሪያሽ ነው፤ ነገሩ ስላስደሰተኝ ነው። ሳታስቢው የፈለግሁትን በእጅሽ ይዘሽ መጣሽ።

ሳጥን ሆነ አልሆነ፣ የሠራሁትን ግራፍ ለማንበብ ፊደል አያስፈልገኝም። ቀይዋ በሩ ናት። አደጋን በቀይ ነው የምጽፈው። አራት ሰዓት ላይ ተከፍታ፣ ቀኑን ሙሉ እንደተከፈተች ቀርታለች። ነጠብጣቧ ደግሞ ሴትዮዋ ሥራዋን ጥላ የወጣችበት ሰዓት ናት። ይኸው፣ በገዛ እጅሽ ያተምሽው ማስረጃ።

ይህንንም ከፍ አድርገሽ አንብቢላት። ቁልፉን ከቀኑ በፊትም ብታስረክብ አልቃወምም።

ፈጣሪ ለእሷም ሌላ እንጀራ ይስጣት።

አጎትሽ

*

የካቲት 15

ለፊደል ለማያስፈልጋቸው ጋሼ፤

አነበብኩላት። ወደ ክፍሏ ገብታ ብርድ ልብሷን ማጣጠፍ ጀመረች። እናቴ ከኋላዋ ገብታ ዘረጋችው፤ እሷ መልሳ አጣጠፈችው። እስኪመሽ ሲታጠፍና ሲዘረጋ ዋለ።

እኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድኩ። ለባለቤቱ ነገሩ ጊዜ አልፈጀበትም። መፈልፈያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ የአማርኛ ፊደል ጨርሶ አልተጫነም፤ ላይብረሪው ቅርጹን የማያውቀውን ፊደል በሳጥን ይተካዋል፤ በቃ። እርስዎ ኮምፒውተር ላይ ስላለ እዚህም ያለ መሰለዎት። እንደ ስክሪኑ። የፊደሉን ፋይል በነጻ ሰጠኝ፤ ጫንኩት፤ ለላይብረሪው ስሙን ነገርኩት፤ እንደገና አስሣልኩት።

አሁን ሳጥኖቹ ተናግረዋል። ቃሉ የእርስዎ ነው፤ እኔ አንድ ፊደል አልጨመርኩም።

ቀይዋ፦ «ሙቀት»።

ሰማያዊዋ፦ «በር»። ያን ቀን የተከፈተችው አምስት ሰዓት ላይ፣ ለአንድ ደቂቃ ነው። አክስቴ «በርዷል» ያለችበት ሰዓት ነው።

ነጠብጣቧ፦ «ባለቤቱ ገባ»። እርስዎ ከሩቅ ሆነው ፕሮግራሙ ውስጥ በገቡ ቁጥር ራሷ እንድትሠመር አድርገው የሠሯት ናት። አራት ሰዓት ከዐሥር ላይ ቆማለች። ቀይዋ መውረድ የጀመረችው አራት ሰዓት ከዐሥራ ሁለት ላይ ነው።

እንዲህ ነው የሆነው። ያን ማክሰኞ ገብተው አዲሱን ግራፍ ከማሞቂያው ጋር በአንድ ፕሮግራም ሰፉት። ግራፉ መስኮት ሊከፍት ማሳያ ፈለገ፤ አጣ፤ ወደቀ። ሲወድቅ የተሰፋበትን ማሞቂያ ይዞት ወደቀ። እርስዎም መውደቁን በሚናገረው መልእክት ሌባ ያዙበት።

አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። ማሞቂያውን አጥፍተዋል ወይስ አላጠፉም? ሦስት ገጽ አይጻፉልኝ። እንደ አባቴ አንድ ቃል ይበቃኛል።

ምላጭ

*

የካቲት 27

ለጋሼ፤

ዐሥራ ሁለት ቀን ሆነ። ጠፉ።

የአክስቴ እቃ ሦስት ማዳበሪያ ነው፤ አስራ በሩ ሥር ደርድራዋለች። ትናንት አባቴ ቁልፉን አልቀበልም አላት፤ «የጻፈው እሱ ነው፤ ይመልሰው እሱ» አለ። አምስት ቃል ነው፣ አልለመደበትም፤ ከዚያ በኋላ ውሃ ጠጣ። እናቴ ዝም ብላ እዚሁ ትቅር ስትል አክስቴ እምቢ አለች። በሌባ ስም አንድ ቀን አልኖርም ነው የምትለው፤ እንዲያውም እስከ የካቲት ሠላሳ የምትቆየው እኔ ስላለቀስኩ ነው። ይህን እንዳይስቁብኝ ብዬ ልሰርዘው ነበር። ተውኩት።

አዲስ እንቁላል ሐሙስ ይመጣል። የሚቀበለውን ሰው አላወቅንም።

ምላጭ

*

የካቲት 29

አጥፍቻለሁ።

አጎትሽ

*

መጋቢት 2

ለአጎቴ፤

ሰላምታ ሳይጽፉ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለጻፉልን ሰላምታችን የበዛ ይሁን።

ደብዳቤዎ የደረሰን አክስቴ ማዳበሪያዎቿ ላይ ተቀምጣ ጋሪ ስትጠብቅ ነው። እንደ ወጉ ከፍ አድርጌ አነበብኩት። አጭር ስለሆነ ሁላቸውም የቀረውን ጠበቁ። ወረቀቱን ገልብጬ አሳየኋቸው።

አባቴ፣ «ማሞቂያውን ነው የሚለው» አለ። ደግነቱ ነው፤ የሰው ቃል አላግባብ እንዳይወሰድ ይጠነቀቃል። እኔም ጥያቄዬ ስለ ማሞቂያ እንደነበር አልካድኩም። እናቴ፣ «የለም፣ ጥፋቱን ነው ያመነው» አለች። ሁለቱ በአንዲት ቃል ሲከራከሩ ጋሪው ደረሰ። ባለጋሪው የቱን ልጫን ብሎ ጠየቀ።

አክስቴ፣ «ድገሚው» አለችኝ።

«አጥፍቻለሁ።»

«ምኑን እንደሆነ አልጻፈም?»

«አልጻፈም።»

«እንግዲያው ምኑን የሚለውን እኔ እሞላዋለሁ» አለችና ማዳበሪያውን መፍታት ጀመረች።

እርስዎ የትኛውን ሊሉ እንደፈለጉ አላውቅም። ማሞቂያውን ብቻ ከሆነ ማረሚያ ለመላክ ጊዜው አልፏል፤ ብርድ ልብሱ ተዘርግቷል፤ ባለጋሪውም ባዶውን ሄዷል። «ሴትዮዋ» ግን ስም አላት፤ አሁንም በስሟ እስኪጠሯት እየጠበቀች ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ይጠቀሙበት።

ፕሮግራሙ ላይ ሦስት ነገር ነካክቻለሁ፤ በኋላ ሌላ ሰው ላይ እንዳያላክኩ አስቀድሜ ልናገር። ማሞቂያውን ከግራፉ ነጥዬዋለሁ፤ ግራፉ ቢወድቅ ብቻውን ይውደቅ። መልእክቱን አርሜዋለሁ፤ ከእንግዲህ ስልክዎ ላይ የሚመጣው «ማሳያ የለም፤ ኖሮም አያውቅም» ነው። የማክሰኞውን ግራፍ ደግሞ በትልቁ አሳትሜ መፈልፈያ ቤቱ በር ላይ፣ የእርስዎ ፎቶ ሥር ለጥፌዋለሁ። «ባለቤቱ ገባ» ከሚለው ቀጥሎ በራስዎ ቃል «አጥፍቻለሁ» የሚል ተጨምሮበታል። በደንብ ይነበባል፤ ሳጥን የለውም።

አዲሱ እንቁላል ዛሬ ገብቷል፤ ሃያ አንድ ቀን ይፈልጋል። በእነዚህ ቀናት ፕሮግራሙን መንካት ካማረዎት አስቀድመው ይጻፉ። ሳይጽፉ ከገቡም እናውቃለን። አክስቴ ዐይኗን ጨፍና እየጠበቀችዎት ነው።

ምላጭ